ብሎገር፣ ዎርድፕረስ፣ ጊትሃብ ፔጅስ ወይስ ቴሌግራም? ለትንሽ የቴክ ብሎግ የቱ ያዋጣል

ስለ ስልክ፣ ስለ ኮምፒውተር ወይም ስለ ኮዲንግ በአማርኛ መጻፍ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የት ልክፈተው?» ብሎ ነው። መልሴን ሳላንዛዛ ልናገር። ኮድ የማትጽፉ ከሆነ ብሎገር ላይ ክፈቱና የራሳችሁን ዶሜይን (የድረ ገጽ አድራሻ ስም) ግዙለት። ኮድ የምትጽፉ ከሆነ ጊትሃብ ፔጅስ ይሻላችኋል። ዎርድፕረስ ጥሩ ነው፤ ግን ጊዜም ገንዘብም ይበላል። ቴሌግራም አንባቢ ለመጥራት ተወዳዳሪ የለውም፤ ጽሑፍ ለማስቀመጥ ግን አልመክረውም።

ምክንያቴን ለሚፈልግ እነሆ።

ገንዘቡ የሚወጣው የት ላይ ነው?

ለትንሽ ብሎግ የግድ ገንዘብ የሚያስፈልገው ለዶሜይን ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ በነፃ ይገኛል። ዶት ኮም በዓመት ከ10 እስከ 15 ዶላር ገደማ ነው። ድሮ ይሄ ብዙም አይከብድም ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር። አሁን ከ100 ብር በላይ ነው። ሆስቲንግ (ድረ ገጹ የሚቀመጥበት የኪራይ ሰርቨር) ሲጨመርበት ሂሳቡ ሌላ ይሆናል።

ሆስቲንግ ሻጮች ደግሞ አንድ የለመዱት ጨዋታ አላቸው። በትልቁ ተጽፎ የምታዩት የወር ዋጋ ብዙ ጊዜ የሁለት ወይም የሦስት ዓመቱን ባንዴ ለሚከፍል ሰው ነው። ሲታደስ እጥፍ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይሆናል። ስለዚህ ዋጋ ስታወዳድሩ የእድሳቱን አወዳድሩ። ከታች በትንሹ የተጻፈችውን ፈልጋችሁ አንብቧት።

ክፍያው ራሱም ጣጣ አለው። ብዙ ሰው ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ባለ ዘመድ ካርድ ያስከፍላል። የመጀመሪያው ዓመት በሰላም ያልፋል። በዓመቱ ካርዱ ጊዜው አልፎበት ወይም ተቀይሮ ይገኛል፤ አድሱ የሚለው ኢሜይል ደግሞ ማንም የማያየው ሳጥን ውስጥ ይገባል። ዶሜይን የሚያመልጠው እንደዚህ ነው። ዘመድን በየዓመቱ ከማስቸገር የሁለት ሦስት ዓመቱን ባንዴ መክፈል ይሻላል። ዶት ኮምን እስከ 10 ዓመት ድረስ ባንዴ ማስመዝገብ ይቻላል።

በሀገር ውስጥ ሻጭ በኩል በቴሌብር ወይም በባንክ መክፈልም አለ። ዋጋው ትንሽ ከፍ ቢል እንኳ ካርድ ፍለጋ ከመንከራተት ያድናል። ግን አንድ ነገር ሳታጣሩ ብር እንዳትልኩ፦ ዶሜይኑ የሚመዘገበው በማን ስም ነው? በሻጩ ስምና ኢሜይል ከተመዘገበ የእናንተ አይደለም። የተጣላችሁ ቀን ወይም እሱ ሥራውን የተወ ቀን ይገባችኋል። በእናንተ ስም ይሁን። የማዘዋወሪያ ኮዱን በጠየቃችሁ ጊዜ እንደሚሰጧችሁም ከመክፈላችሁ በፊት በጽሑፍ ተቀበሉ። አዲስ የተመዘገበ ዶት ኮም በመጀመሪያዎቹ 60 ቀናት ወደ ሌላ መዝጋቢ አይዛወርም። እሱ ደንብ ነው፤ ሻጩን አትውቀሱት። ዶት ኢቲ የፈለገ ደግሞ መንገዱ ኢትዮ ቴሌኮም ነው።

ብሎገር፦ ያረጀ፣ ግን የማያስቸግር

ብሎገር እ.ኤ.አ. በ1999 ተጀመረ። በ2003 ጉግል ገዛው። ከዚያ ወዲህ ብዙም አልተኳኳለም። ይህን ለስድብ አላልኩትም። የሚታደስ ፕለጊን (ተጨማሪ መገልገያ) የለም፣ የሚጠገን ሰርቨር የለም፣ የወር ክፍያ የለም። የራስን ዶሜይን ማያያዝ ነፃ ነው፤ ኤችቲቲፒኤስም (ግንኙነቱን የሚመሰጥረው) ነፃ ነው። አንድ ጽሑፋችሁ ድንገት ቢወጣለትና አገር ምድሩ ቢያነበው እንኳ ማንም የክፍያ ቢል አይልክባችሁም።

ለአማርኛ ጸሐፊ ግን አንድ የሚያናድድ ጠባይ አለው። ርዕሱን በአማርኛ ስትጽፉ ብሎገር የግዕዝ ፊደሉን ከሊንኩ ላይ ጠራርጎ ያወጣዋል። «የስልክ ባትሪ ለምን ቶሎ ያልቃል?» ብላችሁ የለጠፋችሁት ሊንኩ ላይ «ብሎግ ፖስት» ብቻ ሆኖ ይቀራል። የሚቀጥለውም «ብሎግ ፖስት» ነው፤ መጨረሻው ላይ ቁጥር ይጨመርበታል። ሃምሳ ጽሑፍ ስትደርሱ የትኛው ሊንክ የትኛው ጽሑፍ እንደሆነ እናንተም አታውቁትም። መላው ቀላል ነው። ከማተማችሁ በፊት በጎን ካለው ዝርዝር ፐርማሊንክ የሚለውን ክፈቱና በላቲን ፊደል ሁለት ሦስት ቃል ጻፉለት። ይህን ከመጀመሪያው ጽሑፍ ጀምሮ ልማድ አድርጉት።

ሌላው ድክመቱ ኮድ ማሳየት ነው። ቁልፍ ቃላቱን በቀለም የሚለይ ነገር አብሮት አይመጣም። ፕሪዝም ወይም ሃይላይት ጄኤስን ቴምፕሌቱ (የብሎጉ ንድፍ) ውስጥ ራሳችሁ መክተት አለባችሁ። አንድ ጊዜ ነው የሚሠራው፤ የኤችቲኤምኤሉን ሙሉ ገጽ ስለሚሰጣችሁ አይከብድም።

«በአድሴንስ (በጉግል ማስታወቂያ) ገንዘብ አገኝበታለሁ» ብሎ ብሎገርን የሚመርጥም አለ። ማያያዙ ቀላል ነው፣ እውነት ነው። ግን አድሴንስ የሚደግፋቸው ቋንቋዎች ዝርዝር አለው። በአማርኛ ዓመት ሙሉ ከመጻፋችሁ በፊት ዝርዝሩን ገብታችሁ እዩ።

ጉግል አንድ ቀን ይዘጋዋል የሚለው ስጋት ዝም ብሎ ወሬ አይደለም። ብዙ ሰው ይወደው የነበረውን ሪደር የተባለውን የብሎግ ማንበቢያ እ.ኤ.አ. በ2013 ዘግቶታል። ስለዚህ በየጊዜው ባክአፕ አውርዱ። ጽሑፉ በአንድ ፋይል ይወርዳል። ፎቶዎቹ ግን ፋይሉ ውስጥ የሉም፤ የጉግል ሰርቨር ላይ ነው የሚቀሩት። ዋናዎቹን ኮምፒውተራችሁ ላይ አስቀምጡ።

ዎርድፕረስ፦ የቱን ማለታችሁ ነው?

ገዢ የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ዎርድፕረስ ሲባል ሁለት ነገር ነው። አንዱ ዎርድፕረስ ዶት ኮም፣ አውቶማቲክ የሚባለው ኩባንያ የሚያስተዳድረው አገልግሎት ነው። ነፃው 1 ጊጋባይት ቦታ ይሰጣል። ጽሑፋችሁ ላይ የራሱን ማስታወቂያ ይለጥፋል። የራሳችሁን ዶሜይን ልታያይዙ ስትሉ ግን «ክፈሉ» ይላል። በነፃ ከሆነ የምትፈልጉት፣ ከብሎገር ያነሰ ነው የምታገኙት።

ሁለተኛው ከዎርድፕረስ ዶት ኦርግ አውርዳችሁ በራሳችሁ ሆስቲንግ የምትጭኑት ነፃ ሶፍትዌር ነው። ሰው የሚያደንቀው ዎርድፕረስ ይሄኛው ነው። በዓለም ካሉት ድረ ገጾች ከ40 በመቶ በላይ የሚሆኑት በእሱ የተሠሩ ናቸው። ያላሰባችሁት ነገር ሁሉ ፕለጊን አለው። ከስልክ ለመጻፍም የሚመች አፕ አለው፤ ላፕቶፕ ለሌለው ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ግን ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ነገር ብዙ ሌባ ይስባል። ሳይታደስ የተተወ አንድ ፕለጊን ይበቃል፤ ብሎጋችሁ በአንድ ሌሊት የቁማር ማስታወቂያ ተሞልቶ ይነጋል። ዎርድፕረሱን፣ ቴሙንና ፕለጊኑን ማደስ፣ ባክአፕ መያዝ፣ ፓስወርድ መጠበቅ የእናንተ ሥራ ነው። በወር ሁለት ጽሑፍ ለሚጽፍ ሰው ጥገናው ከጽሑፉ ይበልጥበታል።

ሊንኩ ላይ ደግሞ የብሎገር ተቃራኒ ነው። አማርኛውን አይጥለውም፤ ግን ወደ ኮድ ይለውጠዋል። አንዷ የግዕዝ ፊደል የመቶኛ ምልክት እየገባባት 9 ምልክት ትሆናለች። ዎርድፕረስ ለሊንክ የሚሰጠው ቦታ 200 ምልክት ነው። አስሉት፦ ከ22 ፊደል በላይ አይይዝም። ረዘም ያለ ርዕስ መሃል ላይ ይቆረጣል። ሊንኩን ቀድታችሁ ቴሌግራም ላይ ስትለጥፉትም አንድ ክንድ የሚያህል የቁጥርና የፊደል ትርምስ ይወጣል። ሰው ደግሞ እንደዚህ ያለ ሊንክ አይቶ «ቫይረስ ነው» ብሎ አይነካውም። እዚህም መላው ያው ነው፤ በላቲን አጭር ስም ስጡት።

ዎርድፕረስን የምመክረው ለሁለት ዓይነት ሰው ነው። አንዱ ለድርጅቶች ድረ ገጽ እየሠራ መኖር የሚፈልግ ነው፤ ብሎጉ መለማመጃ ይሆነዋል። ሌላው ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ የሚጽፍ ነው፤ ለእያንዳንዱ ጸሐፊ የተለያየ ፈቃድ መስጠት ይመቻል።

ጊትሃብ ፔጅስ፦ ኮድ ለለመደ

ጊት የሚባለውን ነገር ካላወቃችሁ ይህን ክፍል ዝለሉት። ካወቃችሁ ግን ሌላ ቦታ ገንዘብ አትጨርሱ።

ጽሑፉን በማርክዳውን ትጽፋላችሁ፤ ሁጎ ወይም ጄኪል ወደ ድረ ገጽ ይለውጠዋል፤ ወደ ጊትሃብ ትገፉታላችሁ። አለቀ። ዳታቤዝ ስለሌለ የሚሰበር ነገር እምብዛም ነው። ኮዱ ያለ ምንም ጭማሪ በቀለም ያምራል። የራስን ዶሜይንም ሆነ ኤችቲቲፒኤስን በነፃ ያያይዛል። ገደቡ ለአንድ ድረ ገጽ 1 ጊጋባይት፣ በወር ደግሞ 100 ጊጋባይት ገደማ ትራፊክ ነው። አንድ ገጽ 300 ኪሎባይት ብትሆን በወር ከ300 ሺህ ጊዜ በላይ ብትከፈት ይችላታል። እዚያ የደረሰ ብሎግ ችግሩ የደስ ደስ ችግር ነው።

እኔ በጣም የምወድለት ግን ሌላ ነው። ኔት ሲጠፋ ሥራ አይቆምም። ሁጎ ላፕቶፑ ላይ ብሎጉን እንዳለ ይከፍትላችኋል፤ ትጽፋላችሁ፣ ታርማላችሁ፣ ኔት ሲመጣ ትለቃላችሁ። ሙሉ ጽሑፉም ሁልጊዜ እጃችሁ ላይ ነው።

ጉድለቱ? በስልክ ብቻ ለሚሠራ ሰው ስቃይ ነው። የአስተያየት መስጫ አብሮት አይመጣም። በነፃው አካውንት ማስቀመጫው ለሁሉም ክፍት መሆን ስላለበት ረቂቃችሁን ከላካችሁት ማንም ሊያየው ይችላል። ለሱቅ ወይም ለንግድ ሥራ ድረ ገጽም አይፈቅድም።

ቴሌግራምስ?

«ሰው ሁሉ ያለው ቴሌግራም ላይ ነው፤ ብሎግ ለምን?» የሚሉ አሉ። ግማሹ እውነት ነው። አንባቢው እዚያ ነው። ከመጋቢት 2016 ዓ.ም. ጀምሮም 1,000 ተከታይ የደረሰ ቻናል ቴሌግራም ከማስታወቂያ ከሚያገኘው ግማሹን ቶንኮይን በተባለው ዲጂታል ገንዘብ እንዲወስድ ተፈቅዷል።

ግን የካቲት 2015 ዓ.ም. አስታውሱ። ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ዩትዩብ ኢትዮጵያ ውስጥ ተዘግተው የተከፈቱት ሐምሌ ላይ ነው። ቪፒኤን የሌለው አንባቢ አምስት ወር ጠፋ። ብሎግም ከመዘጋት ነፃ ነው ማለቴ አይደለም፤ ብሎግስፖት (የብሎገር ነፃ አድራሻ) ራሱ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ ለዓመታት አይከፈትም ነበር። ልዩነቱ የራሳችሁ ዶሜይን ካላችሁ ድረ ገጹን ወደ ሌላ ቦታ አዛውራችሁ በዚያው አድራሻ መቀጠል መቻላችሁ ነው። ቻናል እንዲህ አይዛወርም።

ሌላው ፍለጋ ነው። የቴክ ጽሑፍ ዜና አይደለም። «ስልኬ ሲም አላነብ አለኝ» ብሎ ጉግል ላይ የሚጽፍ ሰው ከሁለት ዓመት በኋላም ይመጣል። ቻናል ላይ የተለጠፈ ነገር ግን በሳምንቱ ወደ ላይ ሄዶ ይቀበራል። ስለዚህ ሙሉ ጽሑፉን ብሎጉ ላይ፣ ሁለት መስመርና ሊንኩን ቻናሉ ላይ።

የቀሩት

ሚዲየም ለማንበብ ያምራል። ብሎገርን ከፈጠሩት አንዱ የሆነው ኢቫን ዊሊያምስ ነው እ.ኤ.አ. በ2012 የጀመረው። ግን አንባቢውን «ተመዝገብ» እያለ ያዋክባል። ሰብስታክ ለኢሜይል ጥሩ ነው፤ የሚከፍል ተመዝጋቢ ለመያዝ ግን ስትራይፕ የተባለው የክፍያ አገልግሎት ያስፈልጋል፣ ስትራይፕ ደግሞ ኢትዮጵያ ውስጥ አይሠራም። አሜሪካ ወይም አውሮፓ ሆኖ ለሚጽፍ ግን ሊታሰብበት ይገባል። ጎስት ንጹሕ ሥራ ነው፤ ዋጋው ለትንሽ ብሎግ አይደለም።

ስለ ፍጥነት አንድ ነገር። የግዕዝ ፊደል አንዱ 3 ባይት ስለሚይዝ ገጹን ያከብደዋል ብሎ የሚፈራ አለ። ረጅም የሚባል የአማርኛ ጽሑፍ እንኳ 25 ኪሎባይት አይሞላም። ሳይቀነስ የተጫነ አንድ የስልክ ፎቶ ግን 3 ሜጋባይት ነው። ፓኬጅ ቆጥቦ የሚያነብ ሰው የሚሸሸው ፎቶውን ነው፤ የቱንም ብትመርጡ ፎቶ ሳትቀንሱ አትጫኑ።

ብሎግ ካላችሁ፣ ዶሜይን ግን ከሌላችሁ

እዚህ ላይ ልዩነቱ ሰፊ ነው። ብሎገር ላይ ዶሜይን ስታያይዙ የድሮው የብሎግስፖት አድራሻ ራሱ ወደ አዲሱ ይመራል፤ በነፃ። የድሮ ሊንኮቻችሁ አይሞቱም። ከዎርድፕረስ ዶት ኮም ነፃ አድራሻ ወደ ሌላ ቦታ ስትወጡ ግን አንባቢውን ወደ አዲሱ ለማስመራት በየዓመቱ መክፈል አለባችሁ። ብሎገር ላይ ካላችሁ ዶሜይኑን ገዝታችሁ አያይዙ፣ ቅንብሩ ውስጥ ኤችቲቲፒኤስ የሚሉትን ሁለቱንም ቁልፎች አብሩ፣ እስኪሠራ ጥቂት ሰዓት ስጡት። ከዚያ አዲሱን አድራሻ ጉግል ፍለጋ እንዲያውቀው ሰርች ኮንሶል በሚባለው የጉግል ገጽ ላይ አስመዝግቡና ቻናላችሁ አናት ላይ ፒን አድርጉት።