ባህር ዳር ላይ ብስክሌት ሲገዛ ገንዘቡ እስከ የት ድረስ ደስታ ይሆናል?

ባህር ዳር ለጥ ያለች ከተማ ናት። ቤዛዊት ኮረብታ ካልወጡ በቀር ዳገት የሚባል የለም፤ ለዚህም ነው ተማሪውም አናጺውም የመንግሥት ሠራተኛውም ብስክሌት ላይ የሚታየው። ገበያው ላይ በጥቅሉ ሦስት ዓይነት ይገኛል፦ ማርሽ የሌለው ከባዱ ተራ ብስክሌት፣ ከውጭ አገልግሎ የገባው ባለማርሽ፣ እና ከፊትም ከኋላም ሞላ ያለው አዲሱ። ለአብዛኛው የከተማው ነዋሪ የሚሻለው መካከለኛው ነው። ሦስተኛው ላይ የሚጨመረው ብር ደስታ አይጨምርም፤ እንዲያውም ካለው ላይ ይቀንሳል።

ገንዘብ ደስታን አይገዛም የሚለውን አባባል ስድስት ኪሎ ሜትር በእግሩ ሄዶ ሥራ የሚገባ ሰው አይቀበለውም፤ ልክም ነው። በእግር በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ቢሄድ መንገዱ 72 ደቂቃ ይፈጃል፤ በብስክሌት በሰዓት 15 ቢነዳ 24 ደቂቃ። ደርሶ መልስ ሲሆን በቀን 96 ደቂቃ ተረፈ ማለት ነው። ይህ ትርፍ ከትንሹም ብስክሌት ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2004 የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳንኤል ካህነማንና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት 909 የቴክሳስ ሠራተኛ ሴቶች ያለፈውን ቀናቸውን ክፍል በክፍል ሲመዝኑ፣ የጠዋቱ የሥራ ጉዞ ስሜታቸው ከወረደባቸው ሰዓቶች አንዱ ነበር። ከመንገድ ላይ አንድ ሰዓት የቀነሰ ዕቃ በደህና ገንዘብ ተገዝቷል።

ከዚያ በኋላ ያለው ብር ግን እንደ መጀመሪያው አይሠራም። ካህነማን ከኢኮኖሚ ባለሙያው ከአንገስ ዲተን ጋር እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ጥናት፣ አሜሪካ ውስጥ የዓመት ገቢ ከ75,000 ዶላር ካለፈ የዕለት ስሜት መሻሻሉን ያቆማል ብለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 ሌላው ተመራማሪ ማቲው ኪሊንግስወርዝ አያቆምም አለ። እ.ኤ.አ. በ2023 ካህነማንና ኪሊንግስወርዝ አብረው ቁጥሩን ሲፈትሹት፣ ለአብዛኛው ሰው ደስታው ከገቢው ጋር መጨመሩን ይቀጥላል፤ አስቀድሞ ደስታ የራቃቸው ጥቂቶች ላይ ግን ከተወሰነ ገቢ በኋላ ይቆማል የሚል ውጤት ላይ ደረሱ። ለገዢ የሚጠቅመው የጭማሪው ሁኔታ ነው፦ አንድ ሺህ ወደ ሁለት ሺህ ሲያድግ የሚገኘው ለውጥ እንዲደገም አሥር ሺሁ ሃያ ሺህ መሆን አለበት። ብስክሌትም እንደዚሁ ነው። ከእግር ወደ ተራው ብስክሌት ያለው ዝላይ ትልቅ ነው፤ ከተራው ወደ ባለማርሹ ደህና ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ከቀለምና ከሰው ዓይን ብዙም አያልፍም። አዲስ ቀለም ቶሎ ይለመዳል። የሚንጫረር ፍሬንና የሚዘል ሰንሰለት ግን በየቀኑ ያናድዳል፤ ስለዚህ ብሩን ንዴት ለመቀነስ ማውጣት ይሻላል።

ባለሁለት ሞላው ለምን ወደቀ? ርካሽ ሞላ ክብደት ይጨምራል፤ ፔዳሉ በተረገጠ ቁጥር ብስክሌቱ ወደ ታች ስለሚነጥር ጉልበቱ ወደ ጎማው ሳይደርስ ሞላው ላይ ይቀራል። የኋላው መታጠፊያ ውስጥ ያለው ቡሽ (ብረቱ የሚዞርበት ቀለበት) ሲበላ ኋላው ግራ ቀኝ ይወዛወዛል፤ ልኩን መለዋወጫ ማግኘትም ያስቸግራል። ባህር ዳር አስፋልት ላይ ያለውን ትንሽ ንዝረት 1.95 ኢንች የሚሰፋ ጎማ ራሱ ይውጠዋል። ሌላም ነገር አለ፦ ውዱን ብስክሌት ገበያ በር ላይ አቁሞ መግባት ያስፈራል። ስለዚህ ቤት ይቀመጣል፤ ባለቤቱም በባጃጅ ይሄዳል። ያልተነዳ ብስክሌት ለማንም ደስታ አልሰጠም።

አገልግሎ የገባውን ባለማርሽ ሲመርጡ ቀለሙን ይተዉትና ገልብጠው ያቁሙት። መጀመሪያ ቴላዮው፣ ማለትም የብስክሌቱ ዋና የብረት አካል። የፊት ሹካው የሚገባበትን አንገትና ፔዳሉ የሚዞርበትን ጉሮሮ በጥፍርዎ እየዳሰሱ ይመልከቱ፤ ጥፍር የሚይዝ ስንጥቅ፣ ወይም እዚያ ቦታ ላይ ብቻ የተቀባ አዲስ ቀለም ካለ ተሰንጥቆ ወይም ተበይዶ ሊሆን ይችላል፤ ይተዉት። ቀጥሎ ጎማውን አሽከርክረው በቸርኬው (ጎማው በሚቀመጥበት የብረት ክብ) እና በፍሬን ላስቲኩ መሃል ያለውን ክፍተት ይዩ። እስከ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር መወዛወዝ የቸርኬውን ሽቦዎች በመወጠር ይስተካከላል፤ ቸርኬው ራሱ ከታጠፈ ግን አይድንም። ሽቦዎቹን ሁለት ሁለቱን በጣት ጨመቅ ያድርጉ፤ የላላ ካለ አጠገቡ ያሉት ሸክሙን ስለሚወስዱ ተራ በተራ ይበጠሳሉ። ጎማውን ይዘው ወደ ጎን ሲነቀንቁት ከተንቋቋ ኩሽኔታው ይጠበቅ ወይም ይቀየር፤ ግራሶ ብቻ ጨምሮ መዝጋት ድምፁን ለጥቂት ጊዜ ይሸፍናል እንጂ አያድነውም።

ሻጭ የማይነግርዎት የሰንሰለቱን መርዘም ነው። ያልተበላ ሰንሰለት ላይ ከአንዱ ፒን ጀምረው 24 ክፍተት ቢለኩ 304.8 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም 12 ኢንች ልክ ይመጣል። 306.4 ከደረሰ ሰንሰለቱ ይቀየር። 308 ካለፈ የማርሹ ጥርሶችም አብረው ተበልተዋል፤ አዲስ ሰንሰለት ብቻ ቢገባ እየዘለለ እግርዎን ይመታል። ይህንን በሜትር ለክቶ ማሳየት ዋጋ ለመቀነስም ይረዳል። የማርሹ ብዛት ደግሞ አያታልልዎ፦ ባለ 21 ማርሹ ላይ ከተማ ውስጥ የሚሠራው ሦስት አራቱ ነው። ዝቅተኛው የሚያስፈልገው ለቤዛዊት ዳገትና ጭነት ሲኖር ነው፤ እነዚያ በትክክል ከገቡ ይበቃል።

ገንዘብ ሳይወጣበት ትልቁን ምቾት የሚሰጠው የመቀመጫው ከፍታ ነው። አብዛኛው ሰው እግሩ መሬት እንዲነካለት ዝቅ አድርጎ ይነዳል፤ ከዚያ ጉልበቴን ከፊት በኩል አመመኝ ይላል። ልኩ እንዲህ ነው፦ ተቀምጠው ተረከዝዎን ፔዳሉ ላይ ያድርጉ፤ ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግር ቀጥ ይበል። ሲነዱ የእግርዎ የፊት ክፍል ፔዳሉ ላይ ሲሆን ጉልበት ትንሽ ታጥፎ ይቀራል። የመቀመጫው ቱቦ ላይ ያለውን የመጨረሻ ምልክት አሳልፈው ግን አያውጡት፤ ቱቦው ይሰበራል።

ስለ ጎማ መፈንዳት። ከመነዳሪው (አየር የሚይዘው የውስጥ ላስቲክ) ላይ ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ካገኙ እሾህ አይደለም፤ አየር ስላነሰ ጎማው ጉድጓድ ላይ ሲያርፍ ቸርኬው ነክሶት ነው። የ26 ኢንች ጎማ ጎኑ ላይ ብዙ ጊዜ ከ40 እስከ 65 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ተጽፎ ይገኛል፤ ወደ ላይኛው ቢጠጋ ይሻላል። ቀዳዳው አንድ ከሆነ እሾህ ወይም ሽቦ ነው፤ ከመነዳሪውን ከመመለስዎ በፊት የጎማውን ውስጥ በጨርቅ ዙሪያውን ይጥረጉ፤ ጨርቁን የያዘው ቦታ ላይ እሾሁ አለ። ጎሚስታ ጋ ጠዋት ተለጥፎ ከሰዓት የሚተነፍሰው አንዱ ይህ ሳይደረግ ሲቀር ነው። ሌላው ምክንያት ማስቲሹ ሳይደርቅ መለጠፍ ነው፦ ቦታው በአሸዋ ወረቀት ይፋቅ፣ ማስቲሹ ስስ ሆኖ ይቀባ፣ ማብረቅረቁ እስኪጠፋና ጣት ሲነካው እስከማይዝ ድረስ አምስት ደቂቃ ያህል ይጠበቅ፣ ከዚያ መለጠፊያው በኃይል ይጫን።

ክረምት ላይ ከሰኔ እስከ መስከረም ጭቃው ሰንሰለቱን ይበላዋል። ውሃ በግፊት ኩሽኔታው ላይ አይርጩ፤ ግራሶውን ያጥበዋል። ሰንሰለቱ ደርቆ ከተጠረገ በኋላ እያንዳንዷ የሰንሰለቱ መጋጠሚያ ላይ አንድ ጠብታ ዘይት ይበቃል፤ ፔዳሉን ጥቂት አዙረው ውጪውን በጨርቅ ይጥረጉት። ከጋራዥ የሚሰጠውን የተቃጠለ የሞተር ዘይት አይጠቀሙ፤ ውስጡ ያለው የብረት ብናኝ ከአቧራው ጋር ሆኖ ሰንሰለቱን ይሞርደዋል።

ተራውን ብስክሌት መናቅ አይገባም። ሸክም ለሚያመላልስ፣ ወይም ከከተማው ወጣ ብሎ መለዋወጫ ለማይገኝበት ሰው እሱ ነው የሚሆነው፤ የሚበላሽ ነገሩ ጥቂት ነው፣ ማንም ጠጋኝ ያውቀዋል። ከባድነቱ የሚሰማው ሲያነሱት እንጂ ሜዳ ላይ ሲነዱት አይደለም። በ2016 ዓ.ም. ግንቦት የተመረቀው 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የአባይ ድልድይ ለብስክሌት የራሱ መስመር ስላለው፣ ከዚህ ማዶና ከዚያ ማዶ የሚመላለስ ሰው በተራውም ሳይጨነቅ ይሻገራል።

ረጅም ቀሚስና ነጠላ ለብሳ የምትነዳ ሴት የላይኛው ብረት ዝቅ ያለውንና ሙሉ የሰንሰለት መሸፈኛ ያለውን ትምረጥ። ባለማርሹ ላይ ይህ መሸፈኛ ብዙ ጊዜ የለም፤ ከኋላ ጎማው ግራና ቀኝ መረብ ማሰርና ነጠላውን ወገብ ላይ ማሰር የግድ ይሆናል።