የዛገ ሰልባትዮ (የቤንዚን ታንክ) ማደሻ ኪት፦ ከሦስቱ ጠርሙሶች የትኛው ነው የሚጠቅመው?

ለዓመታት ቆሞ የከረመ ሞተር ሳይክል ቤቱ ውስጥ ለማደስ የሚነሣ ሰው በመጀመሪያ የሚጨነቀው ስለ ሞተሩ ነው፤ ፒስተኑ ተጣብቆ ይሆን፣ ቫልቮቹ በደንብ ይገጥሙ ይሆን፣ ካንዴላው እሳት ይሰጥ ይሆን እያለ ያስባል። እኔም እ.ኤ.አ. በ1972 የተሠራ ሆንዳ ሲቢ 350 ማደስ ስጀምር ሐሳቤ ሁሉ እዚያ ነበር። ሞተሩ ግን ከጠበቅሁት በላይ ደግ ሆኖ ተገኘ፤ ወራት የፈጀብኝ ሰልባትዮው ነው። ሲቢ 350 ባለ 325 ሲሲ ሞተር ሲሆን ሁለት ሲሊንደርና ለእያንዳንዱ ሲሊንደር ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚደባልቅ የራሱ ካርቡሬተር አለው። ከሰልባትዮው የሚረግፈው የዝገት ብናኝ ከሁለቱ ካርቡሬተሮች የአንዱን ቀጭን የቤንዚን ቀዳዳ ሲደፍን ሞተሩ በአንድ ሲሊንደር ብቻ ይንተፋተፋል፤ ያንን አውርደው፣ አጽድተው ሲመልሱት ደግሞ በማግሥቱ ሌላኛው ይደፈናል። ካርቡሬተሮቹን ሦስት ጊዜ አውርጄ ከመለስሁ በኋላ ነበር በሽታው ከላይ እንጂ ከታች እንዳልሆነ አምኜ የሰልባትዮ ማደሻ ኪት የገዛሁት።

የአምራቹን ስም አልጠቅስም። በተለያየ ስም የሚሸጡት እነዚህ ኪቶች በአሠራራቸው እጅግ ስለሚቀራረቡ፣ ከዚህ በታች የምለው ሦስት ጠርሙስ ባለው በማንኛውም ኪት ላይ ከሞላ ጎደል ይሠራል ብዬ አምናለሁ። የመጀመሪያው ጠርሙስ የደረቀ ቤንዚንና ቅባት የሚያጥብ ፈሳሽ ነው፤ ሁለተኛው ፎስፎሪክ አሲድ ያለበት የዝገት ማስለቀቂያ ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ የሰልባትዮውን ውስጥ እንደ ቀለም የሚሸፍን፣ የብር መልክ ያለው ወፍራም ፈሳሽ ነው። ኪቱን ሙሉ በሙሉ የተጠቀምሁት በአንደኛው ሰልባትዮ ላይ ሲሆን፣ በኋላ ያገኘሁትን የዚሁ ሞዴል ሌላ ሰልባትዮ ግን ያለ ሦስተኛው ጠርሙስ አድሼዋለሁ። ስለዚህ ፍርዴ በሁለቱ ንጽጽር ላይ የቆመ ነው።

ዝገቱ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ኪቱ ምን ሊሠራና ምን ሊሠራ እንደማይችል ለመገመት ይረዳል። ግማሽ ድረስ ቤንዚን ይዞ የቆመ ሰልባትዮ ቀን ሲሞቅና ሌሊት ሲቀዘቅዝ በክዳኑ መተንፈሻ በኩል አየር ያስወጣል፣ ያስገባል። ከአየሩ ጋር የገባው እርጥበት ከቤንዚኑ በላይ ባለው ራቁት ብረት ላይ ይጤዛል፤ ጠብታው ከቤንዚን ስለሚከብድ ወደ ታች ወርዶ ወለሉ ላይ ይተኛል። በዚህ የተነሣ ጣሪያው ላይ ስስና ሰፊ ዝገት፣ ወለሉና የብየዳ መጋጠሚያው ላይ ደግሞ ብረቱን የሚበሳ ጥልቅ ዝገት ይገኛል። የሲቢ 350 ሰልባትዮ እንደ ኮርቻ የፍሬሙን ዋና ቱቦ ግራና ቀኝ ታቅፎ የሚቀመጥ በመሆኑ ውሃ የሚተኛበት ዝቅተኛ ቦታ ሁለት ነው። በቀዳዳው ባትሪ አብርቶ የሚመለከት ሰው ደግሞ የሚያየው በአብዛኛው ጣሪያውንና መካከሉን ብቻ ነው።

ስለ መጀመሪያው ጠርሙስ ብዙ የምለው የለኝም። በሙቅ ውሃ በጥብጠው ሲያገላብጡት ሥራውን ይሠራል፤ ጠንካራ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና ትዕግሥት ግን ከዚህ ብዙም ያነሰ ውጤት አይሰጡም። ሊታለፍ የማይገባው ሥራው ሳይሆን ዓላማው ነው፦ ቅባት ያለበት ዝገት ላይ አሲድ አይደርስም። ደግሞም ቤንዚኑ ተቀድቶ ስላለቀ ሰልባትዮው ከአደጋ ነጻ ሆኗል ብሎ ማሰብ አይገባም፤ የሚፈነዳው ፈሳሹ ሳይሆን ከአየር ጋር የተደባለቀው ትነቱ በመሆኑ ባዶው ከሙሉው የበለጠ ያስፈራል። ሽታው ፈጽሞ እስኪጠፋ ሳይታጠብ ምንም ዓይነት ሙቀት ወይም ብልጭታ ያለው መሣሪያ ሊጠጋው አይገባም። ከኪቱ ጋር የመጣው ወረቀት ይህንን በአንዲት አጭር መስመር፣ ያውም ከመጨረሻ ገጹ ግርጌ ማስፈሩ አሳዝኖኛል።

የዚህ ኪት እውነተኛ ዋጋ ያለው ሁለተኛው ጠርሙስ ውስጥ ነው። ፎስፎሪክ አሲድ ዝገቱን ከማሟሟቱም በላይ በሚነካው ብረት ላይ ግራጫ የብረት ፎስፌት ሽፋን ትቶ ያልፋል፤ ይህ ስስ ሽፋን፣ ብረቱ ደረቅ እስከሆነ ድረስ፣ ቶሎ ተመልሶ እንዳይዝግ ለጥቂት ጊዜ ይከላከልለታል። መመሪያው ፈሳሹ ውስጥ ሆኖ ሰልባትዮው በየጊዜው እየተገላበጠ ግማሽ ሰዓት ያህል እንዲቆይ ያዛል። እኔ ዘንድ ግማሽ ሰዓቱ ጣሪያውን አጸዳው፤ ወለሉ ግን ገና ቡናማ ነበር፤ ስለዚህ ፈሳሹን በወንፊት አጥልዬ ሁለት ጊዜ ደገምሁት። በሦስተኛው ዙር መጨረሻ ባትሪ አብርቼ ስመለከት ከመጋጠሚያው ጥግ በቀር አንድ ወጥ ግራጫ ብረት አየሁ። የተደራረበውን የዝገት ቅርፊት ለማርገፍ አስቀድሞ ሻካራ ነገር ከቶ መነቅነቅም ይጠቅማል። ብዙ ሰው ዳዶ ይከታል፤ እኔም 24 ዳዶ ከትቼ 23 አወጣሁ፣ ሃያ አራተኛውን ለማግኘት አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ ሰልባትዮውን አቅፌ ስወዘውዝ ዋልሁ። ከዚያ ወዲያ የምጠቀመው አጭር ሰንሰለት ጫፉን በሽቦ አስሬ ነው፤ ሲጨርሱ በሽቦው ይጎትቱታል።

ኪቱ የጎደለው ነገር እዚህ ላይ ጎልቶ ይታያል። አሲዱን ውስጥ ለማቆየት ሁሉም ቀዳዳዎች መደፈን አለባቸው፤ ነገር ግን በሳጥኑ ውስጥ አንድም መወተፊያ የለም። በጨርቅና በፕላስቲክ የወተፍሁት የቤንዚን መውረጃ ቀዳዳ ሲያንጠባጥብ የጎኑን ቀለም በደቂቃዎች ውስጥ አደበዘዘው። የመጀመሪያውን የፋብሪካ ቀለም ለማትረፍ የሚፈልግ ሰው በልክ የተገኘ የላስቲክ መወተፊያ ሳይዝ፣ የክዳኑን ዙሪያ ቫዝሊን ሳይቀባና ሰልባትዮውን በፕላስቲክ ሳይጠቀልል ጠርሙሱን ባይከፍት ይሻለዋል። አብሮ የመጣው ጓንትም ስስ ነውና ወፍራም ጓንትና የዓይን መነጽር ራስዎ ያዘጋጁ።

ከአሲዱ በኋላ ያለው ሰዓት የሥራው ሁሉ እምብርት ነው። አሲድ ያጸዳው ብረት በውሃ ከተለቀለቀ በኋላ እርጥብ ሆኖ አየር ካገኘው በደቂቃዎች ውስጥ ብርቱካናማ ብናኝ ያለብሳል። መመሪያው «በውሃ አለቅልቀው ሙሉ በሙሉ ያድርቁ» ብሎ ያልፋል፤ እንዴት እንደሚደርቅ ግን አይናገርም። በመጀመሪያው ሰልባትዮ ላይ አለቅልቄ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት፤ ከምሳ ስመለስ ውስጡ እንደገና ቡናማ ሆኖ ጠበቀኝና አሲዱን ለአራተኛ ጊዜ መለስሁት። በኋላ የተማርሁት ዘዴ ይህ ነው፦ ሁሉንም ነገር አስቀድሞ አዘጋጅቶ፣ ፈጥኖ በማለቅለቅ፣ ውሃውን ገልብጦ ወዲያው ንጹሕ አልኮል ጨምሮ ማገላበጥ፤ አልኮሉ በየጥጋጥጉ የቀረውን ውሃ ይዞት ይወጣል። ከዚያ የአልኮሉ ትነት እስኪጠፋ ክፍት ቦታ ላይ ማናፈስ፣ በመጨረሻም በረጅም ቱቦ ለብ ያለ አየር እየነፉ ለሰዓታት ማድረቅ ነው።

አሁን ወደ ሦስተኛው ጠርሙስ ልምጣ፤ ኪቱ የሚሸጠውም፣ ማስታወቂያው የሚያሞግሰውም በእርሱ ነው። ሽፋኑ ከአየር እርጥበት ጋር ተዋሕዶ የሚጠነክር ዩሬቴን የሚባል የፕላስቲክ ዓይነት ነው። ይህ ጠባዩ ጥቅሙም ጉዳቱም ነው፤ ማደባለቅና መለካት ሳያስፈልግ በራሱ ይጠነክራል፣ ነገር ግን ከእርጥበት ጋር ሲዋሐድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። አየር ውስጥ ያለው እርጥበት ጥቂት ስለሆነ ጋዙ ሳይታወቅ ይወጣል፤ ብረቱ ላይ የውሃ ጠብታ ካገኘ ግን ጋዙ ከሽፋኑ ሥር ይታመቅና አረፋ ይሆናል። እጅግ የሚደርቀው ጣሪያው ሲሆን ውሃ የሚደበቀው ደግሞ በመጋጠሚያው ስንጥቅ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ሽፋኑ በጣም ከሚፈለግበት ቦታ ላይ በጣም ደካማ ይሆናል ማለት ነው።

እኔ የሆነብኝም ይኸው ነው። ሽፋኑን አፍስሼ፣ በሁሉም አቅጣጫ አገላብጬ፣ ትርፉን አንጠፍጥፌ፣ መመሪያው እንዳዘዘው 4 ሙሉ ቀን ክፍት አድርጌ አደረቅሁት። ሲታይ ያማረ ነበር፤ አዲስ ድስት ይመስላል። ትርፉ ግን በደንብ አልተንጠፈጠፈም ኖሮ በሁለቱ ዝቅተኛ ቦታዎች ላይ ተጠራቅሞ ወፍራም ኩሬ ሠርቷል፤ በቤንዚን መውረጃው ጥርስ ላይ የደረቀውን ለማንሣትም በስለት መፋቅ ግድ ሆነብኝ። ለስምንት ወራት ያህል ሞተር ሳይክሉ ያለ እንከን ሠራ። ከዚያ የቤንዚን መክፈቻው ወንፊት ላይ እንደ ዓሣ ቅርፊት ያለ ብርማ ነገር ማየት ጀመርሁ። ከወፍራሙ ኩሬ ሥር ያልደረቀ እርጥበት ነበርና ብረቱ ከሽፋኑ ሥር እየዛገ፣ ሽፋኑን ከጠርዙ ጀምሮ እያነሣው ነበር። ዝገት ቢሆን በአሲድ ይለቅ ነበር፤ በግማሽ የተላጠ ዩሬቴን ግን አሲድ አይነካውም። እርሱን የሚያለሰልሱት ጠንካራ የቀለም ማስለቀቂያ ኬሚካሎች ናቸው፤ ትነታቸውም በቤት ውስጥ የሚቀለድበት አይደለም። ያንን ሰልባትዮ ለማጽዳት የፈጀብኝ ጊዜ ከመጀመሪያው እድሳት ሦስት እጥፍ ይሆናል።

ስሕተቱ ከፊሉ የእኔ እንደሆነ አልክድም፤ ጨርሶ የደረቀ ሰልባትዮ ላይ፣ በጥንቃቄ ተንጠፍጥፎ የተቀባ ሽፋን ለብዙ ዓመታት ሊቆይ ይችላል። ነገር ግን ቤቱ ውስጥ ራሱ ለሚያድስ ሰው የተሸጠ ምርት፣ እንዲህ ያለ ሰው በቀላሉ የሚሳሳተውን ስሕተት ይቅር የማይል ከሆነ፣ ይህንን ሳጥኑ ላይ ማስፈር ይገባው ነበር። ሦስተኛው ጠርሙስ አንድ ጊዜ ከተከፈተ በኋላ የተረፈው ለሌላ ሥራ አይቀመጥም፤ ጠርሙሱ ውስጥ እንዳለ ይጠነክራል። ይህም ሰውን «ከሚባክን ልጨምርበት» ወደሚል ስግብግብነት ይገፋል፤ ወፍራሙ ኩሬም የሚፈጠረው ከዚሁ ነው።

ሁለተኛው ሰልባትዮ ከመጀመሪያው ይልቅ የዛገ ነበር። ቅባቱን በሳሙና አጥቤ፣ የሚሞላውን 12 ሊትር ያህል ለብ ያለ ውሃ በእያንዳንዱ ሊትር 60 ግራም ሲትሪክ አሲድ በጥብጬ ሞላሁትና አንድ ቀን ሙሉ አቆየሁት። ሲትሪክ አሲድ ከኪቱ ፈሳሽ ይልቅ ዝግ ይላል፤ ሰልባትዮው አፍ እስከ ገደፉ ስለሚሞላ ግን ማገላበጥ አያሻም፣ ጥጉም ጣሪያውም እኩል ይደርሰዋል። ከዚያ የቀረውን አሲድ በቤኪንግ ሶዳ ውሃ አለዘብሁት፤ ለመጨረሻው ዙር ብቻ የኪቱን ፎስፎሪክ አሲድ አገላብጬ ግራጫውን ሽፋን እንዲተውልኝ አደረግሁ፣ በአልኮል አደረቅሁት፣ ጥቂት የሞተር ዘይት ያለበት ቤንዚን አገላብጬ ውስጡን አወዛሁት። ሽፋን አልተቀባም። ሞተር ሳይክሉ ሲቆም አፉ ድረስ ቤንዚን እሞላዋለሁ፤ ከነዳጁ በላይ ራቁት ብረት ካልቀረ እርጥበት የሚጤዝበት ቦታ የለምና።

ሽፋኑ የግድ የሚሆንበት ሁኔታ አለ። ሰልባትዮው ከጸዳ በኋላ ውሃ ሞልተው ሲያቆዩት ከሥሩ መርፌ በሚያክሉ ቀዳዳዎች የሚያነባ ከሆነና እንደ እርሱ ያለ ሌላ ሰልባትዮ የማይገኝ ከሆነ፣ ሦስተኛው ጠርሙስ አማራጭ ነው፤ ያም ቢሆን ትልልቆቹ ቀዳዳዎች በቅድሚያ በዐዋቂ እጅ መበየድ አለባቸው። ብረቱ ሙሉ ከሆነ ግን ሽፋኑን አልመክርም።

ሁለተኛውን ጠርሙስ ለብቻው የሚሸጡ አሉ። ከዚህ በኋላ የምገዛው እርሱን ብቻ ነው፤ የመጀመሪያውን በሳሙና እተካዋለሁ። ለሦስተኛው ላወጣው በነበረው ገንዘብ ደግሞ ልክ ያለው መወተፊያና ጥሩ የቤንዚን ማጣሪያ እገዛበታለሁ። ያልተሸፈነው ሰልባትዮ አሁን ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል፤ ባለፈው ሳምንት የመክፈቻውን ወንፊት ፈትቼ ነጭ ጨርቅ ላይ ባራግፈው አንድ ሁለት የአሸዋ ቅንጣት ብቻ ወረደ።