ጓደኛዬን ከነፌስታሏ ለተቀበሏት ጋሼ

ይህን ለመጻፍ ሁለት ወር ጠበቅሁ። ጓደኛዬ "ጉዳዬን አደባባይ አታውጪብኝ" ብላኝ ነበር። ባለፈው እሑድ ቡና እየጠጣን ግን ራሷ "ስሜን አትጥሪ እንጂ ጻፊው፤ ስንቷ እንደኔ ተጨንቃ ተቀምጣ ይሆናል" አለችኝ።

ነገሩ ፍቺ ነው። የአሥራ አንድ ዓመት ትዳር፣ ሁለት ልጆች፣ አንድ ኮንዶሚኒየም፣ አንድ ቪትዝ፣ የባንክ ዕዳና ማለቂያ የሌለው ወረቀት። ማን ምን አጠፋ የሚለው ውስጥ አልገባም። እኔ የገባሁት የገንዘቡ ጉዳይ ላይ ነው። እሱንም ቢሆን ከትምህርት ቤት ጀምሮ ሒሳብ የሚያስለቅሰኝ ሰው ነኝ፤ ፋይል ተሸክሜ አብሬያት ከመዞር ያለፈ ጥቅም አልነበረኝም።

መጀመሪያ የያዝነው ጠበቃ ቅድሚያ ክፍያውን ተቀበለ፣ ከዚያ ስልኩ መነሳት አቆመ። አንድ ቀን ቢሮው በር ላይ ሦስት ሰዓት ሙሉ ተቀመጥን። ጸሐፊዋ "ዛሬ አይገባም" አለችን። ስንወርድ ሰውዬው በጓሮ በኩል መኪናውን ሲያስነሳ በዓይናችን አየነው። እውነቴን ነው! ሁለተኛው ደግሞ ፋይሉን እንኳ ሳይገልጥ "ቤቱ በማን ስም ነው?" አላት። "በባለቤቴ።" "እንግዲያው የሚሰጥሽን ተቀብለሽ አርፈሽ ተቀመጪ።" ለዚች ምክር ከፍለናል። አንድ ባንክ ለስቴትመንት (የገባና የወጣ ብር ለሚያሳየው ወረቀት) ብቻ አራት ቀን አመላለሰን፤ አንዴ ሲስተም የለም፣ አንዴ ኃላፊው ምሳ ወጥቷል። ከሽማግሌዎቹም "ሴት ልጅ ለገንዘብ ስትከራከር ነውር ነው" ያለ አልጠፋም።

እሷ ማታ ማታ ትደውልልኛለች። አታወራም። ስትተነፍስ ብቻ እሰማለሁ።

የገዛ እናቴ ትዝ አለችኝ። በ1979 ዓ.ም. ከአባቴ ስትለያይ የወጣችው በአንድ ሻንጣና በአንድ ሰፌድ ነው። ሰፌዱን ራሷ ስለሰፋችው ማንም አልተከራከራትም። ቤቱን ለማሠራት ጠላ ሸጣ ያመጣችውን ገንዘብ ግን የጠየቀላት የለም፤ እሷም አልጠየቀችም። ጓደኛዬም በሻንጣ ልትወጣ ነው ብዬ ፈራሁ።

ከዚያ ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ፎቶ ኮፒ የምታነሳ አንዲት ልጅ፣ እግዜር ይስጣት፣ ወረቀታችንን ስታይ "ለምን ፎቅ ላይ ያሉትን ጋሼ አታናግሯቸውም?" አለችን።

ጋሼ ጡረታ የወጡ የሒሳብ ሠራተኛ ናቸው። ቢሯቸው አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። ጓደኛዬ ፌስታሏን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጠችና ገና አፏን ሳትከፍት እንባዋ መጣ። ጋሼ ፌስታሉን አልነኩትም። "ልጄ፣ ቁርስ በልተሻል?" አሏት። አልበላችም። ተላላኪ ልጅ ልከው ሻይና ቦምቦሊኖ አስመጡ። በልታ እስክትጨርስ ስለ ፍቺው አንድ ቃል አልተናገሩም፤ ስለ ልጆቿ ጠየቋት። ያን ያህል ቢሮ ስንዞር ተቀመጡ ያለን ሰው አልነበረም።

ከዚያ ፌስታሉን ዘረገፉት። ደረሰኙን፣ ውሉን፣ ስቴትመንቱን በዓመት በዓመቱ ደረደሩ። እንዴት እንዳደረጉት አትጠይቁኝ። የፕላስቲክ ማስመሪያ ስቴትመንቱ ላይ አስቀምጠው መስመር በመስመር ወደ ታች ወረዱ። አንድ ቦታ ላይ ማስመሪያው ቆመ። "በየወሩ በአምስተኛው ቀን አንድ ዓይነት ብር ከደመወዝሽ ይወጣል። ዕቁብ ነው? ማን በላው?"

ጓደኛዬ ዝም አለች። ከዚያ እጇ አፏ ላይ ሄደ። "የቤቱ ቅድሚያ ክፍያ! ያኔ ዕቁብ ወጥቶልኝ ነው የከፈልነው!" ቤቱ 20/80 ነው፤ 20 በመቶው ቅድሚያ ይከፈላል፣ ቀሪው የባንክ ብድር ነው። ያቺን 20 በመቶ የከፈለችው እሷ ናት። ረስታው ነበር። የራሷን ልፋት ረስታ "የኔ የሚባል ምን አለኝ" ስትል ነበር የከረመችው።

ጋሼ ቀጠሉና ያረጀች የነጋሪት ጋዜጣ ቅጂ አወጡ፤ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992። አንቀጽ 63 ላይ በጣታቸው አሳዩን። ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም፣ ያ ሰው የግሌ ነው ብሎ እስካላስረዳ ድረስ የጋራ ነው ይላል። ከ1992 ጀምሮ ያለ ሕግ! ያ ሁለተኛው ጠበቃ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ ነው ወይስ መናገር ደክሞት? (ይህ ሕግ የአዲስ አበባና የድሬዳዋ ነው። ክልል ያላችሁ የራሳችሁን የቤተሰብ ሕግ ጠይቁ።) ጋሼ ግን "እኔ የሒሳብ ሰው ነኝ፤ ክርክሩን ለሕግ ባለሙያ ስጡ" ብለው የሚያምኗትን ጠበቃ ጠቆሙን። እሷም የሰው ልክ ናት፤ ስልክ ታነሳለች!

ባልየው "ከወንድሜ 300 ሺህ ብር ተበድሬ ወደ ጋራ ሒሳባችን አስገብቻለሁ፣ ግማሹን ትክፈል" የሚል ወረቀት ነበረው። ጋሼ ማስመሪያቸውን ይዘው ወረቀቱ ላይ ካለው ቀን ስድስት ወር ወደ ኋላ፣ ስድስት ወር ወደ ፊት ሄዱ። "ብሩ አልገባም" አሉ። በቃ። ይህ በድርድሩ ቀን ሲነሳ ባልየው ራሱ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

በስምምነት ጨረሱ፤ ፍርድ ቤቱም አጸደቀው። እሷ ከልጆቹ ጋር ቤቱ ውስጥ ቀረች። የባንኩን ዕዳ ትከፍላለች፣ የሱንም ድርሻ ቀስ በቀስ። መኪናውን እሱ ወሰደ። ይከብዳታል፤ ግን ማታ ስትደውል አሁን ታወራለች፤ እንዲያውም አታቆምም።

ጋሼ ለዚህ ሁሉ የጠየቁት ሁለት ሺህ ብር ነው። ልንጨምር ስንል ተቆጡን።

ስማቸውንና ስልካቸውን እዚህ እንዳልጽፍ ለምነውኛል፤ ቴሌግራምም የላቸውም። በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ አድራሻውን እልካለሁ። ኧረ ሂዱ፣ እህቶቼ! ወንድሞችም ሂዱ፣ ጋሼ ለማንም አያዳሉም። ጠዋት ጠዋት ነው የሚገኙት። ወረቀታችሁን ሳትለዩ፣ እንዳለ በፌስታል ያዙት። በስቴፕለር የተመታ ወረቀት ግን አይወዱም፤ ሽቦውን ቤታችሁ ነቅላችሁ ሂዱ፣ አለዚያ ቦምቦሊኖው ከመምጣቱ በፊት ይቆጧችኋል።