ለጓሮ የሚሆነው የበርበሬና የቃሪያ ዘር የትኛው ነው? ማረቆ ፋና፣ ባኮ ሎካል፣ ሚጥሚጣና ካሊፎርኒያ ወንደር ሲመዘኑ

በዘር ሱቅ መደርደሪያ ላይ ያሉት እሽጎች ሁሉ ሥዕላቸው ያምራል። ዘሩ ለየትኛው ከፍታ እንደተመረጠ የሚናገር እሽግ ግን እምብዛም አይገኝም። ለደጋና ለወይና ደጋ ጓሮ ከሁሉ በፊት መታወቅ ያለበት ይኸው ነው። በምርምር የወጡት የአገራችን የበርበሬ ዝርያዎች አብዛኞቹ የተመረጡት በመልካሳና በባኮ የግብርና ምርምር ማዕከላት ነው፤ ሁለቱም ከባሕር ጠለል በላይ 1,550 እና 1,650 ሜትር አካባቢ ናቸው። አዲስ አበባ ደግሞ 2,300 ሜትርን ታልፋለች። በየ100 ሜትሩ ሙቀቱ 0.6 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀንስ ልዩነቱ ከ4 እስከ 5 ዲግሪ ይደርሳል። ለጎመን ይህ ምንም አይደለም። ለበርበሬ ግን እሽጉ ላይ የተጻፈው ቀን ላይ የአንድ ወር ያህል መዘግየት ይጨምርበታል። ስለዚህ እዚህ ዘሮቹን የምንመዝነው በምርት ብዛት ሳይሆን በሚጠይቁት ሙቀትና የአትክልተኛውን ስሕተት በመቻላቸው ነው።

ከፊት የሚቀመጠው ማረቆ ፋና ነው። ስሙን ካገኘበት ከማረቆ አካባቢ አልፎ በአላባና በቡታጅራ ዙሪያም የታወቀ ነው። ፍሬው ረጅምና ትከሻው ሰፊ፣ ሲበስል ጠቆር ያለ ቀይ፣ ማቃጠሉ ደግሞ መካከለኛ ነው። ለመድረስ ከ120 እስከ 135 ቀን ይፈልጋል ይባላል፤ ይህ ግን ለቆላና ለወይና ደጋ ማሳ የተሰላ ነው። ደጋ ላይ ጥቅሙ ሌላ ነው፤ ሳይቀላ በአረንጓዴው ሊለቀም ይችላል። ፍሬው ወፍራምና ረጅም በመሆኑ ለስንግ የሚሆን ቃሪያ ይወጣዋል፣ የቀላው ጥቂቱ ደግሞ ለዘርና ለአዋዜ ይተርፋል። አዲስ አበባ ላይ ሙሉ ማሳ አቅልቶ፣ አድርቆ፣ ለዓመት የሚሆን በርበሬ አስፈጫለሁ ብሎ የሚዘራ ሰው ግን ዘላውን (ያልተፈጨውን ደረቅ በርበሬ) ከገበያ ቢገዛ ይሻለዋል። በነሐሴ ዝናብ ውስጥ የሚቀላ ፍሬ ከመድረቁ በፊት ይበሰብሳል።

ባኮ ሎካል ቀለሙ ፈካ ያለ፣ ማቃጠሉ ጠንከር ያለ ነው። ምርቱ ጥሩ ነው፤ ችግሩ ከማረቆ ፋና በአሥር ቀን ያህል መዘግየቱ ነው (ከ130 እስከ 145 ቀን)። አዳማ፣ ሐዋሳ ወይም ባሕር ዳር ጓሮ ላለው ሰው ይህ አያሳስብም። ከ2,200 ሜትር በላይ ግን አሥሯ ቀን ዋጋ አላት፤ የመጨረሻዎቹን ፍሬዎች ክረምቱ ውስጥ ትከታቸዋለች። ከመልካሳ የወጡት ሜልካ ዘላ፣ ሜልካ አዋዜና ሜልካ ሾቴ ከተገኙ መሞከር ይገባቸዋል፤ ለጓሮ በሚመጥን ትንሽ እሽግ ማግኘቱ ነው የሚያስቸግረው።

ካሊፎርኒያ ወንደር ከ1928 ጀምሮ በገበያ ላይ ያለ የፈረንጅ ቃሪያ ነው። ባለ አራት ጉብታ፣ ሥጋው ወፍራም፣ ጣፋጭ። የማያቃጥለው የሚያቃጥለውን ንጥረ ነገር (ካፕሳይሲን) የሚያሠራው ዘረ መል ስለማይሠራለት ነው። ከተዛመተ (ችግኙ ተነስቶ ዋናው ቦታ ላይ ከተተከለ) በኋላ በ75 ቀን ገደማ አረንጓዴው ይደርሳል ተብሎ ይጻፋል። ከአራቱ ውስጥ ብዙ ሰው የሚያዝንበት ይኼ ነው፤ ጥፋቱ ግን የዘሩ አይደለም። የፈረንጅ ቃሪያ ሌሊቱ ከ13 ዲግሪ በታች ሲወርድ አበባው ይረግፋል፤ ባይረግፍም የአበባ ብናኙ ደካማ ስለሚሆን ትንሽ፣ ጠፍጣፋ፣ ዘር አልባ ፍሬ ይይዛል። «ዘሩ ተበላሽቶ ነው» እየተባለ ለሱቁ የሚመለሰው ቅሬታ አብዛኛው ከዚህ የመጣ ነው። ቀኑ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሲያልፍም አበባ ስለሚያረግፍ ድሬዳዋ ላይ በሞቃቱ ወራት ጥላ ይፈልጋል። አዲስ አበባ ላይ ማብቀል የሚፈልግ የከሰዓት ፀሐይ የሚመታው የብሎኬት ግድግዳ ሥር ይትከለው፤ ግድግዳው ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ማታ ይመልሳል። ደብረ ብርሃን ላይ ከፕላስቲክ ቤት ውጭ አይሞከር።

ሚጥሚጣ ለትዕግሥተኛ ነው። ማረቆ ፋና በሞቀ ቦታ ከ7 እስከ 12 ቀን ሲበቅል ሚጥሚጣ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ሊቆይ ይችላል፤ በአሥረኛው ቀን ተስፋ ቆርጦ አፈሩን የሚደፋ ብዙ ነው። በምላሹ ተክሉ ከአንድ ዓመት በላይ ይኖራል። በባልዲ ከተተከለ በኅዳር ውርጭ ሌሊት ወደ በረንዳ ይገባል፣ ለአንድ ቤተሰብ ደግሞ ሁለት ተክል ከበቂ በላይ ነው። ዘሩን ሲያወጡ ጓንት ይደረግ። የሚያቃጥለው ዘሩን የያዘው ነጩ ጅማት ነው፤ ዘሩ የሚያቃጥለው ከዚያ ስለሚነካካ ነው።

ከወጥ ቤት ዘላ ላይ ዘር አራግፎ መዝራትስ? ይበቅላል፤ ፍሬው ቀልቶ የተለቀመ ስለሆነ ዘሩ የደረሰ ነው። ችግሩ ከዚያ በኋላ የደረሰበት ነው፦ ዘላው እንዳይሰባበር ውሃ ተርከፍክፎበት ሻግቶ ሊሆን ይችላል፣ ከስንት ዓይነት ማሳ እንደተቀላቀለም አይታወቅም። ከ20 ዘር 8 ከበቀለ መልካም ነው ብሎ ለሚጀምር ሰው ነጻ ዘር ነው። ከሱፐርማርኬት የተገዛ አረንጓዴ የፈረንጅ ቃሪያ ዘር ግን ያልደረሰ ስለሆነ አብዛኛው አይበቅልም። ቀዩና ቢጫው ይበቅላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ድቅል ስለሆነ ግን ልጁ እናቱን አይመስልም።

ስለ እሽጉ መጠን አንድ ነገር። አንድ ግራም የበርበሬ ዘር ወደ 150 ፍሬ ይይዛል። ባለ 50 ግራም ቆርቆሮ ከ7,000 በላይ ዘር ነው፤ ለጓሮ የሚያስፈልገው ከ10 እስከ 15 ተክል ነው። ቆርቆሮው አንዴ ከተከፈተ እርጥበት ይገባዋል፣ ዘሩም በ2 እና በ3 ዓመት ውስጥ ጉልበቱን ያጣል። ስለዚህ ቆርቆሮ ለሦስት አራት ጎረቤት በጋራ፣ ትንሿ እሽግ ለብቻ። ከቆርቆሮ ተቀንሶ በፌስታል የሚሸጥ ዘር ርካሽ ይመስላል፤ የታሸገበት ዓመትና የብቅለት መጠን ስለማይታወቅ ግን አይመከርም። ሮዝ፣ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ዘር በፈንገስ መድኃኒት የታሸ ነው፤ አይዘፈዘፍም፣ በባዶ እጅ አይነካም፣ ከልጆችና ከወጥ ቤት ይራቅ።

ማንኛውም ዘር ከመዘራቱ በፊት በሶፍት ይፈተሽ። 20 ዘር በረጠበ ሶፍት ተጠቅልሎ፣ በፌስታል ታስሮ፣ ሞቅ ያለ ቦታ ላይ ለሁለት ሳምንት (ሚጥሚጣ ከሆነ እስከ አራት) ይቀመጥ። የማቀዝቀዣ አናት ይሆናል። 16 ከበቀለ ብቅለቱ 80 በመቶ ነው። ከ10 በታች ከሆነ በእጥፍ ይዘራል ወይም ሌላ ይገዛል።

የመዝሪያው አፈር 3 እጅ የጓሮ አፈር፣ 2 እጅ በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት፣ 1 እጅ አሸዋ ነው። ትኩስ ፍግ አይግባ። ቲማቲም፣ ድንች ወይም ደበርጃን ከነበረበት ቦታ የተወሰደ አፈርም አይሆንም፤ በሽታቸው አንድ ነው። ዘሩ ከግማሽ እስከ 1 ሳንቲ ሜትር ጠልቆ ይዘራ። የሚፈልገው የአፈር ሙቀት ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ነው፤ ከ15 በታች ተኝቶ ይበሰብሳል። ስለዚህ እስኪበቅል ብርሃን አያስፈልገውም፣ ሙቀት ነው የሚያስፈልገው። ብቅ ባለበት ቀን ግን ወዲያው ወደ ብርሃን ይውጣ። አንድ ሁለት ቀን ጨለማ ውስጥ የቆየ ችግኝ ቀጥኖ ይመዘዛል፣ ከዚያ በኋላ አይስተካከልም።

ችግኝን የሚገድለው ከሁሉ በላይ ውሃ ነው። ትላንት ቆሞ የነበረ ችግኝ ዛሬ ከአፈሩ ጥግ ላይ ቀጥኖና ጠቁሮ ከወደቀ የችግኝ አጠውልግ ነው፤ የሚያመጡት የአፈር ፈንገሶችና መሰሎቻቸው እርጥበትና መጨናነቅ ይወዳሉ። መድኃኒት ከመፈለግ ይልቅ ችግኙን ማሳሳት፣ ውሃውን ከትሪው ሥር ማጠጣትና የላዩ አፈር ደረቅ እስኪል መጠበቅ ይሻላል። የወደቀው ከነአፈሩ ይነሳ።

አዲስ አበባ ላይ ምርጡ ጊዜ በጥር አጋማሽ ዘርቶ በመጋቢት መጨረሻ ማዛመት ነው። እንዲህ ከሆነ አበባው በሚያዝያና በግንቦት፣ ሌሊቱ በአንጻሩ ሞቅ ሲል ይውላል፤ አረንጓዴውም ክረምቱ ሳይበረታ ይለቀማል። በነሐሴ ዘርቶ በጥቅምት ማዛመት ፈተና ነው፤ አበባው ከኅዳርና ከታኅሣሥ ብርድ ጋር ይጋጠማል። ዝቅ ባለ አካባቢ በዝናብ ለሚያለማ በመጋቢትና በሚያዝያ መደብ ላይ ዘርቶ በሰኔ ወይም በሐምሌ ማዛመት የቆየው ልማድ ነው፣ ይሠራልም።

ችግኙ ከ12 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ሲደርስና 5 ወይም 6 ቅጠል ሲያወጣ ይዛመታል። ከዚያ በፊት ለአንድ ሳምንት ቀን ቀን ውጭ እየዋለ ፀሐይና ንፋስ ይልመድ። የሚተከለው ወደ ማታ ነው፤ ጥልቀቱም በትሪው ውስጥ የነበረውን ያህል ብቻ ይሁን። እንደ ቲማቲም ግንዱን መቅበር አያስፈልግም። በማሳ የሚመከረው ርቀት በመስመር መካከል 70፣ በተክል መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ለጓሮ መደብ 45 በ45 ይበቃል። በዕቃ ለሚተክል፣ ለፈረንጅ ቃሪያ የተቆረጠ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን፣ ለሚጥሚጣ 10 ሊትር፣ ሁለቱም ሥራቸው የተበሳ። ቆራጭ ትል ባለበት ጓሮ ታችና ላዩ የተቆረጠ የፕላስቲክ ኩባያ በግንዱ ዙሪያ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ አፈር ይግባ።

በእያንዳንዱ ጉድጓድ ሁለት አካፋ ኮምፖስት ይበቃል። ዩሪያ ካስፈለገ ከተዛመተ ከአንድ ወር በኋላ በተክል ግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ ከግንዱ 10 ሳንቲ ሜትር ርቆ። ከዚህ በላይ ሲሆን የሚያምር ቅጠል ነው የሚታጨደው፤ ፍሬ የለም።

የፍሬው ጫፍ ጠቁሮ እንደ ቆዳ ከደረቀ በሽታ አይደለም፤ ውሃው ሲቆራረጥ ካልሲየም ወደ ጫፉ ስለማይደርስ ነው። የእንቁላል ቅርፊት መቅበር ለዚህ ዓመት ፍሬ አይደርስም። ጣት 5 ሳንቲ ሜትር አስገብቶ ደረቅ ሲሆን ማጠጣትና በጭድ ጉዝጓዝ አፈሩን መሸፈን ነው የሚረዳው። ቅጠሉ ዥጉርጉር ሆኖ ከተጨማደደ ቫይረስ ይጠረጠራል፤ ብዙውን ጊዜ የሚያስተላልፈው ክሽክሽ (የቅጠል ጭማቂ የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ) ነው። ክሽክሹን በ1 ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና አድርጎ ወደ ማታ ከቅጠሉ ሥር መርጨት፣ በ5 ቀን መድገም። የልብስ ዱቄት ሳሙና ቅጠሉን ያቃጥላል። ቫይረስ የያዘው ተክል መድኃኒት የለውም፤ ይነቀል። የሚያጨስ ሰው ችግኝ ከመንካቱ በፊት እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ የትምባሆው ቫይረስ በርበሬንም ይይዛል። በደረቁ ወቅት ከቅጠሉ ሥር ነጭ ዱቄት መሳይ ነገር፣ ከላይ ደግሞ ቢጫ ነጠብጣብ ከታየ አመዳይ የሚባለው የፈንገስ በሽታ ነው፤ የተያዙት ቅጠሎች ቶሎ ተለቅመው ይወገዱ። ፍሬው ላይ ክብ ቀዳዳ ካለ ጓይ ትል ገብቷል፣ ትሉም እዚያው ውስጥ ነው፤ በእጅ ተለቅሞ ይገደል።

ማረቆ ፋናና ካሊፎርኒያ ወንደር ጎን ለጎን ቢተከሉ የዘንድሮው የፈረንጅ ቃሪያ አያቃጥልም፤ ንብ ብናኙን ካመላለሰች የሚለወጠው ከዘሩ የሚበቅለው የከርሞው ነው። ዘር ለማስቀረት የሚፈልግ ሁለቱን ያራርቅ ወይም አበባ ያለበትን ቅርንጫፍ ሳይከፈት በስስ ሻሽ ይሸፍን። አሸናፊውን ለሚጠይቅ፦ ከ2,000 ሜትር በላይ ማረቆ ፋና በአረንጓዴው እየተለቀመ፣ ከዚያ በታች ባኮ ሎካል ለዘላ፣ በረንዳ ብቻ ላለው ሚጥሚጣ፣ ካሊፎርኒያ ወንደር ደግሞ ሞቃት ግድግዳ ላለው ብቻ። የሚቀረው ዘር ሙሉ በሙሉ ከቀላ ፍሬ ወጥቶ በጥላ ይድረቅ፤ ፀሐይ ላይ አይሰጣ። ክዳኑ በሚገጥም ብልቃጥ ውስጥ ከነዝርያው ስምና ዓመተ ምሕረቱ ይቀመጥ፤ ሁለት ዓመት ካለፈው የሶፍቱ ፈተና ሳይደረግ ወደ ትሪ አይግባ።