2,000 ሊትር የዝናብ ውሃ ታንከር፣ ከአንድ ክረምትና ከአንድ በጋ አገልግሎት በኋላ

ዕቃው ጥቁር የፕላስቲክ ታንከር ነው፤ ፋብሪካው የትኛውም ይሁን ሰው ሁሉ ሮቶ የሚለው ዓይነት። አዲስ አበባ ውስጥ ከ40 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ የሚወርደውን ዝናብ እየተቀበለ 20 ካሬ ሜትር የጓሮ አትክልት ያጠጣል፦ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣና ካሮት። ሥራ የጀመረው ሰኔ መግቢያ ላይ ነው፤ አሁን ሚያዝያ ነው።

ከመግዛት በፊት ሒሳቡን መሥራት ያስፈልጋል። በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ነው። በፍንጣቂና በትነት የሚባክነው ሲቀነስ 80 በመቶው ይገባል ብሎ ማስላት ይሻላል። ስለዚህ 20 ሚሊ ሜትር የሚሆን ደህና የሐምሌ ዝናብ 640 ሊትር ያስገባል። አራት እንዲህ ያለ ዝናብ ታንከሩን ሞልቶ ይተርፋል። ከዚያ በኋላ ክረምቱን ሙሉ ውሃው እየተትረፈረፈ ይፈስሳል፤ መሬቱም ረስርሶ ስለሚውል የሚቀዳ የለም። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ስለሚዘንብ፣ ከዚሁ ጣሪያ በዓመት ከ32,000 ሊትር በላይ ይሰበሰባል። ታንከሩ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ከዚህ አንድ አሥራ ስድስተኛውን ብቻ ነው።

በጋ ላይ ደግሞ ቅጠላ ቅጠል ያለበት መደብ በካሬ ሜትር በቀን 5 ሊትር ያህል ይጠጣል። ለ20 ካሬ ሜትር በቀን 100 ሊትር፣ ማለትም ሙሉ ታንከር ለ20 ቀን። ሻጮች ይህን አይናገሩም፤ ገዢውም «በጋውን ሙሉ ያደርሰኛል» ብሎ ተስፋ ያደርግና ጥቅምት ሳያልቅ ታንከሩ ባዶ ይሆናል። መደቡን 10 ሳንቲ ሜትር በሚሆን የጤፍ ጭድ መሸፈን ግን በእጅጉ ይረዳል። አፈሩ ቶሎ ስለማይደርቅ ለቆስጣና ለጎመን በየሁለት ቀኑ ማጠጣት በቂ ሆኗል።

ታንከሩ ዋጋውን የመለሰው በሁለት ወቅት ነው። አንደኛው ዝናቡ በድንገት ሲያቆም ነው፤ ነሐሴ መጨረሻ የተዘራ ካሮት ሥር ሳይሰድ የሚደርቀው ያኔ ነው። ሁለተኛው በልግ ነው። የበልግ ዝናብ መጥቶ ይጠፋል፤ ነገር ግን አንድ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ብቻ የስድስት ቀን ውሃ አስገብቶ ይሄዳል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ትልቅ ነገር ነው።

መሠረቱ ላይ መቆጠብ አይገባም። 2,000 ሊትር ውሃ 2 ቶን ነው። በአንግል ብረት የተሠራ ክፍተት ያለው መቀመጫ የታንከሩን ሆድ ወደ ታች ያጎብጠዋል፤ ስንጥቁም የሚጀምረው ከዚያ ነው። የሚበጀው 60 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው፣ ውስጡ በድንጋይ የተሞላ የብሎኬት ግንብ ነው፤ ላዩ 10 ሳንቲ ሜትር አርማታ ሆኖ በውሃ ልክ መስተካከል አለበት። ከፍታው ለግፊትም ያስፈልጋል፤ ከቧንቧው በላይ ያለ እያንዳንዱ 1 ሜትር ውሃ 0.1 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ብቻ ነው የሚሰጠው። ለ1 ባር የተሠራ የጠብታ መስኖ ከዚህ ታንከር ጋር አይሠራም፤ ዝቅተኛ ግፊት የሚበቃውን መምረጥ ወይም በባልዲ ማጠጣት ነው። ቧንቧውም ሦስት አራተኛ ኢንች ይሁን። በግማሽ ኢንች 10 ሊትር ለመቅዳት ግማሽ ደቂቃ ያልፋል፤ በሦስት አራተኛው የዚያ ግማሽ ይበቃል። ቀዳዳው ከታንከሩ ወለል 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ካላለ ደለሉ አብሮ ይወጣል።

ከሁሉ በላይ ያስቸገረው አሸንዳው ነው። በየ2 ሜትሩ 1 ሳንቲ ሜትር ማዘንበል አለበት፤ ያለዚያ ውሃ ይቋጥርና ትንኝ ይፈለፈልበታል። ማሰሪያው በየ60 ሳንቲ ሜትር ሊሆን ይገባል፤ በየሜትሩ የታሰረው በረዶ በዘነበ ቀን ከክብደቱ የተነሳ ጎበጠ። አጠገቡ ግራቪሊያ ወይም ጽድ ካለ በክረምት በየሁለት ሳምንቱ መጥረግ ግድ ነው። የባሕር ዛፍ ቅጠል አሸንዳ ውስጥ ከሰነበተ ውሃውን እንደ ሻይ ያጠቁረዋል።

ያለ መጀመሪያ ውሃ ማስወገጃ ታንከር መትከል ስህተት ነው። ከጣሪያ የሚወርደው የመጀመሪያ ውሃ አቧራና የወፍ ኩስ ይዞ ይመጣል። በካሬ ሜትር ግማሽ ሊትር፣ ለ40 ካሬ ሜትር 20 ሊትር መጣል አለበት። የ110 ሚሊ ሜትር ቱቦ በሜትር 8.5 ሊትር ገደማ ስለሚይዝ፣ ከታንከሩ መግቢያ በፊት ወደ ታች የሚወርድ 2.4 ሜትር ቱቦ ይበቃል። እሱ ከሞላ በኋላ ንጹሁ ውሃ ወደ ታንከሩ ያልፋል። ጫፉ ላይ 3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያለው ክዳን ይደረግና ቱቦው ቀስ ብሎ ለቀጣዩ ዝናብ ይራገፋል። ይህች ቀዳዳ በደለል ትደፈናለች፤ ስለዚህ ክዳኑ በመጠምዘዝ የሚፈታ እንጂ በማስቲሽ የተጣበቀ አይሁን። ከረጅም በጋ በኋላ የሚመጣውን የመጀመሪያ ዝናብ ግን ሙሉ በሙሉ መጣል ይሻላል።

የትርፍ ውሃ መውጫው ከመግቢያው ቱቦ ከጠበበ ውሃው በክዳኑ በኩል ገንፍሎ የመሠረቱን ዙሪያ ይሸረሽራል። ሁለቱም አፎች ቀዳዳው ከ1 ሚሊ ሜትር ባልሰፋ ወንፊት ይሸፈኑ። የታንከሩ ጥቁረት ብርሃን ስለማያስገባ በአሥር ወር ውስጥ አልጌ አልታየም። ባዶውን ግን ንፋስ ስለሚገፋው በገመድ መታሰር ወይም ሩብ ያህል ውሃ መያዝ አለበት። ውሃው ሳይታከም አይጠጣም፤ ሰላጣም ሲያጠጡ ውሃው ቅጠሉ ላይ ሳይሆን ሥሩ ላይ ይፍሰስ።

ጣሪያው የሚሰጠው ከታንከሩ ስለሚበልጥ ቀጣዩ ወጪ ሁለተኛ ታንከር ነው። በእኩል ከፍታ ተቀምጦ ከታች በአንድ ተኩል ኢንች ቱቦ ቢገናኝ ሁለቱ እኩል ይሞላሉ። መካከላቸው ባልቦላ ከገባ አንዱ ሲታጠብ ሌላው ሥራውን ይቀጥላል።