አሞርዛተር አስቀይራችሁ «አላይመንቱንም ሠርተናል» ከተባላችሁ ወረቀቱን ጠይቁ

በቱሉ ዲምቱና በገላን በኩል መኪና የምታሠሩ ወገኖች፣ እባካችሁ ይህን ሳታነቡ እንዳታልፉ። እኔ ሁለት የፊት ጎማ ከስሬበታለሁ።

መኪናዬ የ2001 ሞዴል ቶዮታ ሴሊካ የስፖርት መኪና ናት። የፊት አሞርዛተሮቿ ዘይት ማንጠብጠብ ስለጀመሩ ሁለቱንም ከሶማሌ ተራ ገዝቼ መንገድ ዳር ወዳለ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ከእጅ ዋጋው ላይ ለአላይመንት፣ ማለትም የጎማዎቹን አቅጣጫና አቋቋም ለማስተካከል ብለው 1,500 ብር ጨመሩ። እንደሚያስፈልግ ስለማውቅ ሳልከራከር ከፈልኩ። ግቢው ውስጥ ግን የአላይመንት ማሽን የለም! ልጁ ከፊትና ከኋላ በሜትር ለካ፣ አንዱን ቴስቲና (መሪውን ከጎማው ጋር የሚያገናኘውን የዘንግ ጫፍ) አዞረ፣ መሪው ቀጥ ሲልለት «በቃ ወንድሜ፣ አልቋል» አለኝ።

የአዳማ ፈጣን መንገድ ላይ ስወጣ መሪውን ላላ ባደረግኩ ቁጥር ወደ ግራ ትስባለች። ደወልኩለት። «አዲስ ስለሆነ ነው፣ ሲላመድ ይተዋል» አለኝ። አምኜው ሁለት ወር ነዳኋት።

አንድ ቀን ጎሚስታ ጋ ነፋስ ላስሞላ ቆሜ መሪው ጥግ ድረስ ዞሮ ስለነበር የቀኙ ጎማ ውስጠኛ ጠርዝ ታየኝ። ከውጭ ሲያዩት ጥርሱ ሙሉ ነው፤ በውስጥ በኩል ግን ተልጦ ሽቦው ወጥቷል። የግራውን በእጄ ዳሰስኩት፤ ጣቴ ወደ አንድ በኩል ሲሄድ ለስላሳ ነው፣ ሲመለስ እንደ መጋዝ ይቧጥጣል። በዚህ ጎማ ነው ልጆቼን ይዤ አዳማ ደርሼ የተመለስኩት።

በማግስቱ ማሽን ያለው ቤት ወሰድኳት። የቀኙ ጎማ ካምበር (ጎማው ከላይ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚጋደምበት መጠን) ከግራው በ1 ዲግሪ ከ20 ደቂቃ በልጦ ወደ ውስጥ ተጋድሟል፤ የሁለቱም ጎማ አፍንጫ፣ ማለትም የፊት ጠርዛቸው፣ ደግሞ ወደ ውጭ ተከፍቷል። ባለሙያው ምክንያቱን እዚያው አሳየኝ። እንደ ሴሊካ ባሉ መኪኖች የፊቱ አሞርዛተር ጎማውን ከተሸከመው ብረት ጋር የሚታሰረው በሁለት ብሎን ነው። የብሎኑ ቀዳዳ ትንሽ ክፍተት አለው፤ ሲፈታና ሲታሰር ጎማው በዚያች ክፍተት ልክ ይጋደማል፣ አቅጣጫውም አብሮ ይለወጣል። ይህን መጋደም ሜትር አያየውም። ልጁ ያስተካከለው መሪውን እንጂ ጎማዎቹን አይደለም።

ጥቂት ነው ብላችሁ አትናቁት። አንድ ጎማ ከመስመሩ ግማሽ ዲግሪ ብቻ ቢዞር በየኪሎ ሜትሩ ወደ 9 ሜትር የሚጠጋ ወደ ጎን እየተፋቀ ይሄዳል ማለት ነው። የስፖርት መኪና ጎማ ደግሞ ሰፊና ዝቅ ያለ ስለሆነ፣ ሞላ ያሳጠረ ሰው ካለም ጎማው ከመጀመሪያው ወደ ውስጥ ስለሚጋደም፣ ጠርዙ ቶሎ ያልቃል። የእኔው 205/50/16 ነው። ከሐምሌ 2016 የብር ምንዛሬ ለውጥ ወዲህ ጎማ ስንት እንደገባ ለእናንተ አልነግራችሁም።

ስለዚህ አሞርዛተሩ ከመፈታቱ በፊት ብሎኖቹ የተቀመጡበትን ቦታ በቀለም ምልክት አስደርጉ፤ አላይመንትን ባይተካም ጎማው ከነበረበት ብዙ እንዳይርቅ ያግዛል። ከዚያ መኪናዋ ማሽን ላይ ወጥታ ካምበር፣ ካስተር (ጎማው የሚዞርበት ዘንግ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ማዘንበሉ) እና ቶ (የጎማው አፍንጫ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መዞሩ) ከሥራው በፊትና በኋላ የተጻፈበት ወረቀት ታትሞ ይሰጣችሁ። ከመለካቷ በፊት የአራቱም ጎማ ነፋስ መታየቱን፣ ቴስቲናውም እንደማይወዛወዝ አረጋግጡ፤ የላላ ቴስቲና ላይ የተሠራ አላይመንት በሳምንቱ ይበላሻል። «ባላንስ ሠርተናል» ቢሏችሁም ያ ሌላ ሥራ ነው። በፍጥነት ስትነዱ መሪ የሚያንቀጠቅጠውን ያስተካክላል እንጂ ወደ ጎን የምትስብን መኪና አይመልስም።

ወረቀቱን ይዤ ተመልሼ 1,500 ብሬን ጠየቅኩ። «እኛ በደንብ ሠርተን አስረክበናል፣ መንገዱ ነው ያበላሸው» አሉኝ። ደረሰኝ ስላልተቀበልኩ የምለው አጣሁ። እናንተ ደረሰኙ ላይ «አላይመንት» የሚለው ቃል ለብቻው ከነዋጋው ካልተጻፈ ገንዘብ እንዳትሰጡ።

በቅርብ ጊዜ በዚያ አካባቢ አሞርዛተር ያስቀየራችሁ ካላችሁ፣ ዛሬውኑ መሪውን ጥግ ድረስ አዙራችሁ የፊት ጎማዎቹን ውስጠኛ ጠርዝ በእጃችሁ ዳስሱት። አደራ፣ ወደ አዳማ ከመውጣታችሁ በፊት።