ለኒኮን ካሜራችሁ አሮጌ ሌንስ ካፌ ውስጥ ሞክራችሁ እንዳትገዙ

ባሕር ዳር ያላችሁ ፎቶ አንሺዎች፣ በተለይ ጀማሪዎች፣ እባካችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ።

ከሁለት ወር በፊት በሶቭየት ኅብረት ዘመን የተሠራ ሄሊዮስ 44-2 ሌንስ በ7 ሺህ ብር ገዛሁ። ፎከሱ በእጅ የሚዞር ነው። ሻጩ ካፌ ቀጠረኝ፤ አዳፕተር በሚባለው የብረት ቀለበት ሌንሱን ከኒኮን ካሜራዬ ጋር አገናኘና ጠረጴዛው ላይ ያለውን የቡና ስኒ አነሣ። በስኒው ጠርዝ ላይ የቀረችው አረፋ እንኳ ጥርት ብላ ትታያለች፤ ከኋላዋ ያለው ሁሉ ለስልሶ ደብዝዟል። ልቤ ተሰረቀ፤ እዚያው ከፈልሁ።

በማግስቱ ማለዳ ጣና ዳር ወረድሁ። አንድ የደንገል ታንኳ ወደ ዳር እየቀረበ ነበር። የፎከሱን ቀለበት እስከ መጨረሻው አዞርሁት፤ ቀዛፊው ግን ጭጋግ ውስጥ እንዳለ ሰው ደብዛዛ ሆኖ ቀረ። ለሻጩ ስደውል «እጅህ ገና አልለመደም፤ እንዲህ ያለ ሌንስ ትዕግሥት ይፈልጋል» አለኝ። አመንሁት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጎሕ ሲቀድ እየተነሣሁ ዓይኔንና እጄን ስወቅስ ከረምሁ። ከገንዘቡ ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

ነገሩ የልኬት ጉዳይ ነው። ሌንሱ ኤም 42 በሚባል ጥርስ የሚታሰር ሲሆን፣ ከማሰሪያው እስከ ፊልሙ 45.46 ሚሊ ሜትር እንዲርቅ ሆኖ ተሠርቷል። በእኔ ዓይነት ባለ መስተዋት የኒኮን ካሜራ ይህ ርቀት 46.5 ሚሊ ሜትር ነው። የአዳፕተሩ ውፍረት ሲጨመርበት ሌንሱ ከቦታው ወደ ፊት ይወጣል፤ ቅርቡን ያጠራል፣ ከጥቂት ሜትር ወዲያ ያለውን ግን ማንም ቢያዞረው አያጠራም። ስኒው ያማረው ለዚህ ነው። ውስጡ ማስተካከያ ሌንስ ያለው አዳፕተር ሩቁንም እንዲያጠራ ያደርጋል፤ ርካሹ ግን የምስሉን ጥራት ይቀንሳል። ኢኤፍ የሚባለው የካኖን ካሜራ ማሰሪያ ርቀቱ 44 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ቀጭን ቀለበት ይበቃዋል፤ ሚረርለስ በሚባለው፣ መስተዋት በሌለው ካሜራ ላይም ይህ ችግር የለም። ሌንሱ ግሩም ነው፤ የተሸጠልኝ ለማይሆነው ካሜራ ነው። ይህን ይዤ ስመለስ ሻጩ «ታዲያ ለፊት ፎቶ ይሆንሃል፤ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» አለኝ።

የስልክ መብራትም ይዛችሁ ሂዱ። ከሌንሱ ኋላ አብርታችሁ ከፊት ተመልከቱ። የእኔ ውስጥ የሸረሪት ድር የመሰለ ሻጋታ ነበረበት፤ በካፌው ብርሃን አልታየኝም። እርጥበት ባለበት ሐይቅ ዳር ለምንኖር ሰዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሻጋታው እየሰፋ ይሄዳል።

በዚህ ሳምንት ቀጠሮ የያዛችሁ ካላችሁ ቦታውን ከካፌ ወደ ሐይቁ ዳር አዛውሩት። ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ በራሳችሁ ካሜራ፣ ከማዶ ያለውን ዛፍ አንሡ፤ ምስሉንም አጉልታችሁ ቅጠሉን እዩ። ሻጩ ከካፌ አልወጣም ካለ አትግዙት።